ቀድሞ የተቀመጠ

የማያምን አይመን። እኔ ማንንም ለማሳመን አልጽፍም።

ታሪኩ ግን የደረሰ ነው። ቦታው ኦስሎ፣ ቶየን። ዘመኑ በፈረንጅ 1996፣ ጥር ወር። ሰዓቱ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። በዚያ ወር ፀሐይዋ ብቅ ከማለቷ ትሰናበታለች፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ የመንገድ መብራት ይበራል። ሌሊት ግን አልነበረም። አስፈሪ ነገር በሌሊት ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

የደረሰው በእኔ ላይ አይደለም። በተናኜ ላይ ነው። እኔ ከራሷ አፍ ሰምቼ ነው የምነግራችሁ።

ከራሷ አፍ ነው ብዬ አምናለሁ... ለምን እንዲህ እንዳልኩ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ተናኜ ሄመየልፕ ነበረች። በኮሙኑ፣ በከተማው አስተዳደር፣ ተቀጥራ አረጋውያን ቤት እየዞረች የምታጸዳ፣ አስቤዛ የምትገዛ፣ መድኃኒት የምታስታውስ ሠራተኛ ማለት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሮመን በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ ትኖራለች። ባሏ ግዛው አዲስ አበባ ነው። በተጋቡ በሦስተኛው ወር ተለያይተው ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

ግዛውን ለማምጣት የጎደላት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። የቋሚ ሥራ ወረቀት።

በሚያዝያ መጨረሻ አለቃዋ ቢሮ ጠራቻት።

"ቶየን ውስጥ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች አሉ" አለቻት። "አራት ሠራተኛ አባረዋል። አንቺ ስድስት ወር ያለ አንድ ቅሬታ ከቆየሽላቸው ቋሚ ትሆኛለሽ።"

"ያ" አለች ተናኜ፤ እሺ ማለቷ ነው። ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

ባልየው ስታንሊ ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። ሚስትየዋ ሊዲያ፤ ሩሲያዊት። ጦርነቱ ኖርዌይ ውስጥ አገናኝቷቸው፣ እዚያው ተጋብተው፣ እዚያው አርጅተዋል። እርስ በርስ የሚነጋገሩት በተሰባበረ ኖርዌጅኛ ነው። አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ተናኜን ያደረጓትን ሳስብ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ይለኛል።

የመጀመሪያው ቀን ተናኜ በሩን አንኳኳች። ሊዲያ ከፈተች። ተናኜ ደፉ ላይ ቆማ፣ ፈገግ ብላ፣ እጇን ዘረጋች።

ሊዲያ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

"በደፍ ላይ አይጨበጥም! ጠብ ልታመጪብኝ ነው?"

ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻትና እዚያ ጨበጠቻት። ከሳሎን የሽማግሌው ሳቅ ተሰማ።

"አትስሚያት፤ የሩሲያ ተረት ነው" አለ ስታንሊ።

ተናኜ በሰውየው ተጽናናች። ለሥራ የገዛችውን አዲስ ነጠላ ጫማ ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ስታንሊ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

"አዲስ ጫማ ጠረጴዛ ላይ?! እኔን ልትገድይኝ ነው?"

አሁን ደግሞ የሳቀችው ሊዲያ ነበረች።

እንዲህ ነበሩ። ለአንዱ ሞት የሆነው ለሌላው መሳቂያ ነው። የጎረቤት ጥቁር ድመት ደረጃው ላይ ከፊታቸው ካለፈች ስታንሊ "ዛሬ ዕድሌ ነው" ብሎ ባርኔጣውን ያነሣላታል፤ ሊዲያ በግራ ትከሻዋ ሦስት ጊዜ እንትፍ እንትፍ ብላ ሌላ ሰው ቀድሟት እስኪያልፍ አትንቀሳቀስም። ተናኜ ባዶ ባልዲ ይዛ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ሊዲያ ትጮኻለች፤ ባዶ ባልዲ የያዘች ሴት ቀንን ባዶ ታደርጋለች። ተናኜ ከዚያ ወዲህ ባልዲው ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ትተዋለች። መስኮቱ ላይ ጅራተ ረጅም ጥቁርና ነጭ ወፍ ብቻዋን ካረፈች ደግሞ ስታንሊ ቆሞ "እንደምን አደርሽ፣ ባለቤትሽስ ደህና ናቸው?" ይላታል። ሰላም ካላላት ሐዘን ታመጣለች አሉ።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን ማንም ለደስታ ሲስቅ አልተሰማም።

ምክንያቱም እነዚህ ሁለት ሰዎች እምነታቸውን እርስ በርስ መጎዳጃ አድርገውት ነበር። ስታንሊ ሊዲያን ማናደድ ሲፈልግ ቤት ውስጥ ያፏጫል፤ በሷ አገር ቤት ውስጥ ማፏጨት ድህነት ይጠራል። ሊዲያ ብድሯን ስትመልስ ሳሎን መሐል ቁጭ ብላ ጃንጥላ ትዘረጋለች፤ በሱ አገር ይሄ መዓት ነው። እሱ እያፏጨ፣ እሷ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ሳይነጋገሩ ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ተናኜ መሐላቸው ወለል ትወለውላለች።

በሊዲያ ልደት ቀን ደስ ላሰኛቸው ብላ አራት አበባ ገዝታ ሄደች፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ነጭ።

ሊዲያ ቆጠረቻቸው። ፊቷ ጠቆረ።

"አራት... ሬሳ ነኝ እንዴ? ጥንድ አበባ ለሬሳ ነው።"

አንዱን መዝዛ ጣለች። ስታንሊ የቀሩትን ሦስቱን አየ።

"ቀይና ነጭ አንድ ላይ... ደምና ፋሻ! ሽማግሌ ባለበት ቤት ሞት ይጠራል!"

ሦስቱንም ጣላቸው።

ተናኜ ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አየች። አራት ወር ቀርቷታል። ግዛው... አራት ወር።

አሁን ስለ ወንበሯ ልንገራችሁ።

ኮሪደሩ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ አንዲት አጭር የእንጨት ወንበር አለች። ልብስ አይቀመጥባትም። ጫማ ለማሰር እንኳ ማንም አይቀመጥባትም። ተናኜ ወለሉን ስትጠርግ ልታነሣት ብትል ሁለቱም በአንድ ጊዜ "ተያት!" ይሏታል።

በመስከረም አንድ ቀን ተናኜ ሥራዋን ጨርሳ ወጣች። ሁለት ፎቅ እንደወረደች ሻርፗ ትዝ አላት። ተመልሳ ደወለች።

ሊዲያ ከፈተች። ከኋላዋ ስታንሊ ቆሟል።

"የረሳሁት አለ..." አለች ተናኜ፤ ገባች።

"ተቀመጪ!" አለች ሊዲያ።

"ምን?"

"ወንበሯ ላይ። ተቀምጠሽ እስከ አስር ቁጠሪ።"

ተናኜ ወደ ስታንሊ ዞረች። እንደ ልማዱ እስኪስቅ ጠበቀች።

አልሳቀም።

"እውነቷን ነው" አለ።

በአምስት ወር ውስጥ ስታንሊ ሚስቱን "እውነቷን ነው" ሲል ተናኜ የሰማችው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከጩኸታቸው ሁሉ ያስፈራት ይሄ መስማማታቸው ነበር።

"በእሷም አገር፣ በእኔም አገር ያው ነው" አለ። "ከቤት ወጥቶ ለረሳው ነገር የተመለሰ ሰው ብቻውን አይመለስም። አብሮት የሚመለስ አለ። ስለዚህ ቶሎ ይቀመጣል፤ ይቆጥራል።"

"ለምን?"

"ቀድሞ የተቀመጠ ቦታውን ይወስዳል" አለች ሊዲያ በሹክሹክታ።

እንግዲህ ተናኜን ማወቅ አለባችሁ። ጴንጤ ናት፤ ያውም የጾምና የጸሎት ሰው። አገር ቤት እያለች እናቷ ጨሌ ስታወጣ እሷ ነበረች በጸሎት ያቃጠለችው። ባዶውን ባልዲ ችላለች፤ አበባዋ ሲጣል ችላለች። ለማይታይ ነገር ቁጭ ብሎ መቁጠር ግን ለእሷ መስገድ ነው።

"እኔ ጌታ አለኝ" አለች። "አልቀመጥም።"

ሻርፗን አነሣች። ኮሪደሩ መሐል ቆማ፣ ሆን ብላ፣ ወንበሯን እያየች፣ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ልታሳያቸው ነው። በኢየሱስ ስም ብላ ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ ልቧ ሙሉ ነበር። በሩ ግን ከኋላዋ ሲዘጋ አልሰማችም...

ዞር ብላ አየች። ሊዲያ በሩን ይዛ ቆማለች። ተናኜን አይደለም የምታየው። ከተናኜ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ትንንሽ ነገር መጣ።

ጠዋት ስትገባ ስታንሊ ሰዓቱን አይቶ "እንደገና?" ይላታል።

አስቤዛ ገዝታ ስትመለስ ሊዲያ በሩን ከመክፈቷ በፊት በቀዳዳ ረዘም አድርጋ ታያታለች።

የጎረቤት ድመት ደግሞ ተናኜን እያየች ደረጃው ላይ ጥጓን ይዛ ትቆማለች... ተናኜ ካለፈች በኋላም አትንቀሳቀስም። ሌላ የሚያልፍ እንዳለ ትጠብቃለች።

እና ሰውየው ነበር።

ከሕንጻው በታች፣ ግቢው ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣል። ዝናብም ቢሆን ባርኔጣ የለውም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ተናኜ መጀመሪያ የሚጸልይ መስሏት ነበር። አንድ ቀን በአጠገቡ ስታልፍ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

እየቆጠረ ነው።

"ሰባት... ስምንት... ዘጠኝ... ዘጠኝ... ዘጠኝ..."

ከዘጠኝ አያልፍም።

አዘነችለት። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ሰጠችው። ሽማግሌው ቀና አለ።

"ባርኔጣዬን አገኘው?" አላት።

"ማን?"

ሽማግሌው መቁጠሩን ከአንድ ጀመረ። ተናኜ የግራ ጆሮውን አየች፤ ጫፉ የለም። ተቆርጦ የዳነ ጆሮ ነው።

ወደ ላይ ወጣች። ስታንሊ መስኮቱ አጠገብ ጋዜጣ ያነባል። የግራ ጆሮውን አየች...

ጫፉ የለም።

ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

በዚያው ሳምንት፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ስታንሊ መታጠቢያ ቤት እያለ ደወል ተደወለ። ተናኜ ልትከፍት ስትሄድ ሊዲያ በዚያ ዕድሜዋ ሮጣ ቀደመቻት። ሰንሰለቱን አስገብታ በሩን በጣት ስፋት ከፈተች።

"ባሌ ቤት ነው!" አለች።

ዘጋችው። ጀርባዋን በሩ ላይ አድርጋ ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ማን ነበር?" አለች ተናኜ።

"ዝም በይ፤ እንዳይሰማን።"

"ማን?"

ሊዲያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አየች። ውሃው እየፈሰሰ ነው። አፏን ወደ ተናኜ ጆሮ አስጠጋች።

"በሃምሳ ስምንት ነው። ስታንሊ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ወጣ። ከዚያ ባርኔጣዬን ረሳሁ ብሎ ተመለሰ። ቸኩሎ ነበር... አልተቀመጠም። ቆሞ ባርኔጣውን ሲፈልግ እኔ ኩሽና ነበርኩ። ስወጣ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ባርኔጣውን አድርጎ። አስር ብሎ ጨረሰና መርከቡን ትቼዋለሁ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደወል ተደወለ። ከፈትኩ። ስታንሊ ቆሟል። ባርኔጣ የለውም።"

"ታዲያ... የቱ ነው?"

"አላውቅም" አለች ሊዲያ። "ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አላውቅም። ውስጥ ያለውን እጠላዋለሁ። ውጭ ያለውን እፈራዋለሁ።"

የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ቆመ። ሊዲያ ተነሥታ ጃንጥላዋን ዘረጋች።

እናንተ ብትሆኑ ትሸሹ ነበር አይደል? ተናኜም ፈለገች። ግን ለማን ትናገር? ኮሙኑ ሄዳ ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ስታንሊ አለ ብትል ቋሚ ሥራው ቀርቶ ሐኪም ነው የሚያዙላት። የቀራት አንድ ወር ነው። ጾመች፣ ጸለየች፣ ቤቱ ስትገባም ስትወጣም በልቧ ክፉውን ገሠጸች። ሦስት ጊዜ ኪሷን ሳትፈትሽ ከበሩ አትወጣም።

ስድስተኛው ወር ሞላ።

በጥቅምት መጨረሻ አለቃዋ ሊዲያ ቤት ድረስ ደወለችላት። ወረቀቱ ተፈርሟል። ቋሚ!

ተናኜ ኮሪደሩ ውስጥ እልል አለች። ኮቷን ደረብ አድርጋ፣ ለግዛው ልደውል ብላ እየሮጠች ወጣች። ኪሷን አልፈተሸችም።

የግቢው በር ላይ ብርዱ ጣቷን ሲቆነጥጣት ቆመች። ጓንቷ። ቀዩ የሱፍ ጓንቷ...

ልትተወው ትችል ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ሠላሳ ክሮነር የማያወጣ ጓንት! ግን ደስታ ደፋር ያደርጋል። ተመልሳ ወጣች።

ሊዲያ ሰንሰለቱን ሳታነሣ አየቻት።

"ምን ፈለግሽ?"

"ጓንቴን ረስቼ።"

የሊዲያ ፊት ወረቀት መሰለ።

"ወስደሽ የለም እንዴ?"

"ናይ፤ አልወሰድኩም።"

"አሁን መጣሽ። ገባሽ። ጓንትሽን አደረግሽ። ወንበሯ ላይ ተቀመጥሽ፤ እስከ አስር ቆጠርሽ። ከዚያ ወጣሽ... ደረጃው ላይ አልተገናኛችሁም?"

ከሳሎን የስታንሊ ድምፅ መጣ። እየሳቀ ነበር።

"በመጨረሻ ተቀመጠች" አለ።

ጓንቱን ተናኜ ከዚያ ወዲያ በእጇ አላገኘችውም። ሌላም አልገዛችም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "እሷን እንዳልመስል" አለችኝ።

ግዛው በጥር መጀመሪያ ገባ። ፎርኔቡ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ ስትቀበለው በቀዘቀዘ እጇ ፊቱን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ከስቷል። ሳቁ ግን ያው ነው። ሮመን ያለችው ክፍሏ በአንድ ቀን ቤት ሆነች። ሁለት ትራስ፣ ሁለት ኩባያ፣ በሩ ላይ ሁለት ጫማ። ዘጠኝ ቀን ደስ ብሏቸው ኖሩ። ዘጠኝ ቀን።

በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ተናኜ ወደ ሥራ ወጣች። ግዛው በሩ ላይ ሳማት።

"የረሳሽው የለም?" አላት።

"ምንም" አለች።

አራት ሰዓት ላይ የሊዲያን ወለል እየወለወለች ግዛው ትዝ አላት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቶየን ጣቢያ እንዲቀበላት ተቀጣጥረዋል፤ ቲ-ባነውን፣ የከተማውን ባቡር፣ ብቻውን ተሳፍሮ ስለማያውቅ አቅጣጫውን ልትደግምለት ፈለገች። ኮሪደሩ ውስጥ ካለው ስልክ ደወለች።

"ሃሎ?" አለ ግዛው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

"እኔ ነኝ።"

"ማን ልበል?"

"ተናኜ ነኛ! ምን ሆነሃል?"

ስልኩን በእጁ ሲሸፍነው ሰማች...

"ሃሎ? ግዛው?"

"ይቅርታ፣ እህቴ" አለ በሹክሹክታ። "ተሳስተሽ ነው መሰለኝ። ተናኜ እዚህ ናት።"

የያዘችው መወልወያ ከእጇ አመለጠ።

"የት?"

"በሩ ጋ። ወጥታ ነበር፤ የረሳሁት አለ ብላ ተመለሰች። ወንበር ስባ ተቀምጣለች።"

"ግዛው... ስማኝ። ፊቷን እያት።"

"ምን ነው ድምፅሽ..."

"እጇን እየው! ጓንት አድርጋለች?"

የስልኩ ገመድ ሲጎተት ሰማች።

"ቀይ" አለ ግዛው።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ ከግዛው ራቅ ብሎ፣ ሌላ ድምፅ ሰማች። የሴት ድምፅ ነው። በአማርኛ ነው። የራሷ ድምፅ ነው።

"ስምንት... ዘጠኝ..."

"አስነሣት! ግዛው፣ ከወንበሩ ላይ አስነሣት!"

"...አስር።"

ስልኩ ተዘጋ።

ተናኜ በሩን በርግዳ ወጣች። ኮቷን አልለበሰችም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ትዝ አላት፤ የቤቷ ቁልፍ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነው። እግሯ ቆመ።

ቀና አለች። ሊዲያ በሩ ላይ ቆማለች።

"አትመለሺ" አለቻት። እያለቀሰች ነበር። "እባክሽ... አትመለሺ።"

አልተመለሰችም። ሮጠች።

ቲ-ባነው ውስጥ ሰዉ ሁሉ አፈጠጠባት፤ በጥር ወር፣ በሥራ ሸሚዝ፣ በባዶ እጅ። ከሮመን ጣቢያ እስከ ሕንጻው በበረዶው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ደረጃውን በእጇም በእግሯም ወጣች። ደወለች። ደበደበች።

ሰንሰለቱ ሲገባ ሰማች። እነሱ ቤት ሰንሰለት ነበረ፤ ተጠቅመውበት ግን አያውቁም።

በሩ በጣት ስፋት ተከፈተ። ግዛው ነው። ፈርቷል። ፍርሃቱ ደግሞ ወደ ቁጣ ዞሯል።

"ግዛው፣ ክፈትልኝ!"

ከላይ እስከ ታች አያት። እጇ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

"ኮት የላትም... ጓንት የላትም..." አለ ለራሱ። "ልክ እንዳለችው።"

"ማን? ማን ነው ያለችው? እኔ ነኝ እኮ! የሠርጋችን ዕለት መኪናው ተበላሽቶ በእግር..."

"ይህንንም ትናገራለች ብላኛለች።"

"ግዛው!"

"ሂጂ" አለ። "አንቺ ማን እንደሆንሽ አላውቅም። ሚስቴ ቤት ናት።"

ተናኜ ያኔ ሊዲያን አስታወሰች። ባሌ ቤት ነው። ያው ቃል፣ ያው ሰንሰለት...

ከግዛው ጀርባ፣ ከክፍሉ ውስጥ፣ ደግ፣ የተረጋጋ ድምፅ መጣ።

"ግዬ፣ ማን ነው?"

ግዬ የምትለው እሷ ብቻ ናት።

"ማንም አይደለም" አለ ግዛው።

በሩ ተዘጋ።

ፖሊስ? ተጠራባት እንጂ አልጠራችም። ግዛው ደውሎ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ከደረጃው አወረዷት። ስሟን ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። ወደ ላይ ወጥተው ወረዱ። ተናኜ የተባለችው ሴት ቤቷ ናት፣ መታወቂያዋንም አሳይታናለች አሏት። ሁለተኛ እንዳትመጪ ብለው ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኟት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተናኜ ቶየን ግቢ ውስጥ ነበረች። መብራቱ በርቷል። ሊዲያ ቤት ልትወጣ አልደፈረችም። ባርኔጣ የሌለው ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሳያያት፣ ምንም ሳይጠይቃት፣ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጣት።

ተቀመጠች። መቁጠር ጀመረች።

ዘጠኝ ላይ ስትደርስ አሥር የሚባለው ቃል ከአፏ አልወጣ አላት።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ፤ አጭር ነው።

እኔ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያናችን አስተናጋጅ ነበርኩ። እሁድ እሁድ በሩ ላይ ቆሜ ሰው ተቀብዬ አስቀምጣለሁ። በዚያው ክረምት አንድ እሁድ፣ ጉባኤው ከተጀመረ በኋላ፣ ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። የሰው ካፖርት ደርባለች። ጣቶቿ ከብርድ ብዛት ወይን ጠጅ መስለዋል። ተናኜ መሆኗን ያወቅኩት ቀና ስትል ነው።

"ግቢ እንጂ፣ እህት ተናኜ!" አልኳት።

"እዚሁ ይሻለኛል" አለች። እና ይህን የነገርኳችሁን ሁሉ ነገረችኝ። አንድ ሰዓት ያህል ወስዶባታል። ታማለች አልኩ በልቤ። አእምሮዋ ተነክቷል። ሻይ ላምጣልሽ ብያት ገባሁ።

ጉባኤው ቆሞ ይዘምር ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግዛውን አየሁት። ከጎኑ ሚስቱ አለች። ተናኜ። ወዟ መለስ ብሏል፤ እያጨበጨበች ነው። ጭብጨባዋ ግን ድምፅ የለውም፤ ቀይ የሱፍ ጓንት አድርጋለች።

ሻይውን ጣልኩት። ወደ ውጭ ሮጥኩ።

ደረጃው ባዶ ነው። በረዶው ላይ የተቀመጠችበት ቦታ አለ። የመጣችበት ዱካ አለ። የሄደችበት ዱካ የለም።

ምን ላድርግ? ተመልሼ ገባሁ፤ መቀመጥም መቁጠርም ትዝ አላለኝም።

መዝሙሩ አልቆ ሁሉም ሰው እየተቀመጠ ነበር። እሷ ብቻ ዞር ብላ እኔን ታያለች። ስትጠብቀኝ የነበረች ትመስላለች። ፈገግ አለች። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በቀዩ ጓንቷ መታ መታ አደረገችልኝ... ከንፈሯም ያለ ድምፅ መቁጠር ጀመረ።